ዓርብ ከአሥር ሰዓት በኋላ፦ ሰንበትን የሚያከብር አይሁዳዊ በሕግ ትምህርት ቤት

የዚህ ምሽት አዘጋጆች «ልጆቻችን ወደ አሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች እየገቡ ነው፤ ስለዚያ ኑሮ አንድ ነገር ንገረን» ብለው ጋብዘውኛል። ስለ ክፍያው፣ ስለ ብድሩና ስለ መግቢያ ፈተናው ሌሎች ብዙ ብለዋል። እኔ ልነግራችሁ የመጣሁት ስለ አንድ ዓይነት ተማሪ ነው፤ ከየአገሩና ከየሃይማኖቱ የመጣ ወጣት በሚማርበት የሕግ ትምህርት ቤት ውስጥ እምነቱን በጥብቅ እየጠበቀ ስለሚኖር አይሁዳዊ።

ለምን እሱን መረጥህ ትሉኝ ይሆናል። ኒው ዮርክ ውስጥ ሕግ ስማር የጥናት ጓደኛዬ እንዲህ ያለ ሰው ስለነበረ ኑሮውን በቅርብ አይቼዋለሁ። ከዚያም በላይ፣ የእሱ ጥያቄ ዛሬ የእኛም ልጆች ጥያቄ ሆኗል። አንድ ትምህርት ቤት የተለያዩ ሰዎችን በእውነት መቀበሉ የሚታወቀው ከፈተና መርሐ ግብሩ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬ ማታ ላስረዳችሁ የምፈልገውም ይህንኑ ነው። በመጀመሪያ የተማሪውን ሳምንትና ዓመት አሳያችኋለሁ። ቀጥዬ ሕጉ እዚህ የደረሰበትን መንገድ፣ ከዚያም ተማሪው ለትምህርት ቤቱ የሚያበረክተውን እነግራችኋለሁ፤ በመጨረሻ ወደ ራሳችን እመለሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱን ግን በእኛው እቆጥራለሁ።

አይሁዳውያን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ሰንበትን በቤተሰብ እራት ብቻ የሚያስቡት አሉ፤ ከነጭራሹ የማያስቡትም አሉ። እኔ የምናገረው ኦርቶዶክስ ስለሚባሉት ነው፤ ከእኛዋ ቤተ ክርስቲያን ጋር የሚገናኙት በስም ብቻ ነው። ለእነርሱ ሰንበት ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል፤ ቅዳሜ ማታ ከዋክብት ሲወጡ ይፈጸማል። የጥንት ራቢዎች በሰንበት የተከለከሉ 39 ዋና ዋና የሥራ ዓይነቶችን ለይተዋል፤ መጻፍ፣ እሳት ማንደድና ማጥፋት፣ ዕቃ ከቤት ወደ መንገድ ይዞ መውጣት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። በዛሬ ኑሮ ሲተረጐም ኮምፒውተር አይከፈትም፣ መኪና አይነዳም፣ ስልክ አይነሳም ማለት ነው። መጽሐፍ ገልጦ ማንበብ ይቻላል፤ አንዲት መስመር ማስታወሻ መያዝ ግን አይቻልም።

ይህን ሕይወት ከሕግ ትምህርት ቤት ጋር አጋጥሙት። በመጀመሪያው ዓመት ውል፣ ከውል ውጭ ኃላፊነት፣ የንብረት ሕግ፣ የወንጀል ሕግና የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ይማራሉ። የአብዛኛው ትምህርት ውጤት የሚወሰነው በአንድ የማጠቃለያ ፈተና ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና የሚውለው በታኅሣሥ፣ ማለትም በዲሴምበር ወር ነው። በዚያ ወር ኒው ዮርክ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ የሰንበት ሻማ ደግሞ ከዚያ 18 ደቂቃ ቀድሞ ይበራል። እንግዲህ ዓርብ ከቀኑ 7 ሰዓት የተጀመረ የ4 ሰዓት ፈተና 11 ሰዓት ላይ ሲያበቃ ሰንበት ከገባ ቆይቷል። ተማሪው ቤቱ መድረስ አለበት፤ ባቡሩም በሰዓቱ ላይመጣ ይችላል። ፈተናውን ያወጣው ክፍል ማንንም ለመጉዳት አላሰበም። ክፍት አዳራሽ አይቶ መደበ፤ ተማሪው ግን የሦስት ወር ድካሙን ወይም ሰንበቱን እንዲመርጥ ተገደደ።

«ታዲያ መምህሩን ሄዶ አይለምንም?» ይባል ይሆናል። ጉዳዩ ያን ያህል ቀላል አይደለም። በአሜሪካ የሕግ ትምህርት ቤቶች የፈተና ወረቀት የሚታረመው በስም ሳይሆን በቁጥር ነው፤ መምህሩ የማንን ወረቀት እያረመ እንደሆነ ማወቅ የለበትም። አንድ ተማሪ «ዓርብ ስለማልችል ሰኞ ልፈተን» ብሎ መምህሩን ከጠየቀና ሰኞ አንድ ወረቀት ለብቻው ከመጣ፣ ያ መጋረጃ ተቀደደ። ስለዚህ ለውጡ በሬጅስትራር ወይም በተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ በኩል ማለፍ አለበት፤ ያ እንዲሆን ደግሞ መንገዱ አስቀድሞ በደንብ ተጽፎ መገኘት አለበት። የተጻፈ ደንብ በሌለበት ተማሪው ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል፤ መብቱን እንደ ውለታ እየለመነ ይውላል። ጓደኛዬ በአንድ መንፈቅ እንዲህ ሲንከራተት አይቻለሁ። ያደከመው ከጥናቱ ይልቅ ለእያንዳንዱ ሰው ሃይማኖቱን ከመጀመሪያው ማስረዳቱ ነበር።

ዓመቱም እንደ ሳምንቱ ነው። ትምህርት ገና ሲጀመር፣ በሴፕቴምበርና በኦክቶበር፣ የአይሁድ ታላላቅ በዓላት ይደራረባሉ። አዲስ ዓመታቸው ሮሽ ሃሻና 2 ቀን፣ የማስተስረያ ቀናቸው ዮም ኪፑር 1 ቀን፣ የዳስ በዓልና ማሳረጊያው 4 ቀን፤ በ23 ቀናት ውስጥ ሥራ የማይሠራባቸው 7 ቀናት አሉ። በሥራ ቀን ከዋሉ አዲሱ ተማሪ የትምህርቱን ቋንቋ ገና ሳይለምድ ብዙ ክፍለ ጊዜ ያመልጠዋል። በዚያ ላይ መምህሩ ድንገት ስም ጠርቶ «ጉዳዩን ተንትን» ይላል። ይህ አሠራር በሃርቫርድ ከ1870 ጀምሮ ዲን በነበረው በክሪስቶፈር ላንግዴል ዘመን የተስፋፋ ሲሆን፣ ያለፈውን ክፍል ያልተከታተለን ተማሪ ያጋልጣል።

ከዚህ ሌላ ማንም ደንብ ሊጽፍለት የማይችል ነገር አለ። የሕግ ተማሪ ከክፍሉ እኩል የሚማረው ከእራት ግብዣው ነው። የጥብቅና ድርጅቶች ዓርብ ማታ ይጋብዛሉ፤ ተማሪዎች ዓርብ ማታ ተሰብስበው ይጨዋወታሉ፤ ወዳጅነቱም፣ የሥራ ጥቆማውም እዚያ ይገኛል። ሰንበት አክባሪው አይገኝም። በሌላ ቀን ቢገኝም ምግቡ ኮሸር ካልሆነ የሚይዘው ውኃ ብቻ ነው፤ ሥጋና ወተት በአንድ ማዕድ አይቀላቅልም፣ በሥርዓቱ ያልታረደ አይቀምስም። እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ብዙ አንቸገርም። በአገራችን የክርስቲያን ሥጋና የእስላም ሥጋ ተለይቶ ኖሯል፤ ሆኖም በሠርግ ላይ ለሌላው ወገን በራሱ ሰው እጅ ለብቻው ታርዶ፣ ለብቻው ተሠርቶ፣ ሁሉም በአንድ ዳስ ተቀምጦ ይበላል። ደጋሹ ይህን የሚያስበው እንግዳው ከመጣ በኋላ አይደለም፤ ገና ድግሱን ሲያወጣ ነው። ጨዋነት የምለው ይህንን ነው፤ ከትምህርት ቤትም የምጠብቀው ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ልሻገር፤ ሕጉ ከየት ተነስቶ እዚህ ደረሰ? ይህን ክፍል ሰፋ አድርጌ የምናገረው ከሁሉ የሚበልጥብኝ ስለሆነ ነው።

የአይሁድ ተማሪ በአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርት ሁልጊዜ የተወደደ እንግዳ አልነበረም። በ1922 የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት አቦት ሎረንስ ሎውል የአይሁድ ተማሪዎች ቁጥር እንዲገደብ በአደባባይ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ከዚያው ሃርቫርድ በሕግ ተመርቆ የወጣው ሉዊስ ብራንዳይስ ደግሞ ቀድሞ፣ በ1916፣ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው አይሁዳዊ ዳኛ ሆኖ ነበር። ስለዚህ አንድ ታላቅ ሰው መውጣቱ በሩ ለሁሉም ተከፍቷል ማለት አይደለም። ብራንዳይስ ሰንበት አክባሪም አልነበረም፤ ሰንበት አክባሪው ገና ሌላ በር ይጠብቀው ነበር።

በ1961 አብርሃም ብራውንፌልድ የተባለ የፊላደልፊያ አይሁዳዊ ነጋዴና ጓደኞቹ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀረቡ። የፔንሲልቬንያ ሕግ እሑድ ሱቅ እንዲዘጋ ያዛል፤ ሃይማኖታቸው ቅዳሜ ያዘጋቸዋል፤ በሳምንት ሁለት ቀን የዘጋ ነጋዴ ከተፎካካሪው ጋር አይተካከልም። ተሸነፉ። ያን ጊዜ ፍርዱን ከተቃወሙት ዳኞች አንዱ ዊልያም ብሬናን ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1963፣ አዴል ሸርበርት የተባለች የደቡብ ካሮላይና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ መጣች። የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ነበረች። ቅዳሜ አልሠራም ብላ ከሥራ ተባረረች፤ የሥራ አጥ ድጎማም ተከለከለች። በዚህ ጊዜ ፍርድ ቤቱ ለእርሷ ፈረደ፤ የብዙኃኑን ፍርድ የጻፈውም ያው ብሬናን ነበር። አይሁዳዊው ነጋዴ ያጣውን ክርስቲያኗ ሠራተኛ አገኘችው፤ ከእርሷ በኋላ የመጡ አይሁዳውያንም በእርሷ ስም በተጠራው ፍርድ ተከራከሩ።

የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ አሠሪ በሃይማኖት እንዳያዳላ ከለከለ። በ1972 ደግሞ አሠሪው የሠራተኛውን የሃይማኖት ሥርዓት እንዲያስተናግድ የሚያዝ ማሻሻያ ታከለበት። ማሻሻያውን ያቀረበው የዌስት ቨርጂኒያው ሴናተር ጄኒንግስ ራንዶልፍ ራሱ ቅዳሜን የሚያከብር የሰባተኛ ቀን ባፕቲስት ነበር። ነገር ግን በ1977 ላሪ ሃርዲሰን የተባለ ሰንበት አክባሪ ቲ ደብሊው ኤ አየር መንገድን ሲከስ፣ ፍርድ ቤቱ አሠሪው ከጥቂት የበለጠ ወጪ ካለበት አይገደድም ብሎ ሕጉን አሳነሰው። ያ ትርጓሜ ለ46 ዓመታት ጸንቶ ቆየ፤ በ2023 ግን ጄራልድ ግሮፍ የተባለ የፔንሲልቬንያ የፖስታ ሠራተኛ፣ ያውም እሑድን የሚያከብር ወንጌላዊ ክርስቲያን፣ ጉዳዩን ባቀረበ ጊዜ ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ሕጉን መልሰው አጠነከሩት። ዛሬ አሠሪው እምቢ ለማለት ከፍ ያለ ተጨማሪ ጫና እንዳለበት ማሳየት አለበት። ዘንድሮ ተመርቆ ትልቅ የጥብቅና ድርጅት የሚገባ ሰንበት አክባሪ አይሁዳዊ የሚቆመው በዚህ ፖስተኛ ፍርድ ላይ ነው።

ከነዚህ ሁሉ ጓደኛዬን ዝም ያሰኘው የ1986ቱ ጉዳይ ነበር። ሲምሃ ጎልድማን ራቢም የሥነ ልቡና ባለሙያም ሆኖ በካሊፎርኒያ በአየር ኃይል ያገለግል ነበር። የደንብ ልብሱን ለብሶ ኪፓውን፣ የአይሁድን ትንሽ ቆብ፣ በማድረጉ ተቀጣ። ጠበቃው ናታን ሉዊን ራሱ እምነቱን የሚጠብቅ አይሁዳዊ ነበር። አምስት ለአራት ተሸነፉ። በሕገ መንግሥት ክፍል ይህን ፍርድ ስናነብ፣ ከፊታችን የተቀመጠ ኪፓ ያደረገ ተማሪ ስለ ራሱ ራስ የተጻፈ ውሳኔ እንዲተነትን ተጠየቀ። በሚገባ ተነተነው፤ የሠራዊቱን ክርክር ከማንኛችንም በተሻለ አቀረበ። ቀጥሎ ምክር ቤቱ በ1987 ባወጣው ሕግ ወታደሮች በሥርዓት የተዘጋጀ የሃይማኖት አልባሳት እንዲለብሱ መፈቀዱን ነገረን። ፍርድ ቤት የነሣውን ሕግ አውጪው ሊመልስ እንደሚችል ያን ቀን ከእሱ ተማርን።

የኒው ዮርክ ግዛት ለተማሪዎች ለብቻው ያወጣው ድንጋጌ አለ፤ በትምህርት ሕጉ አንቀጽ 224-ሀ ይገኛል። ተማሪ በእምነቱ ምክንያት በአንድ ቀን ክፍል መግባት ወይም መፈተን ባይችል ከትምህርት አይባረርም፤ ተመጣጣኝ የማካካሻ ዕድል ይሰጠዋል፤ ለዚህም ልዩ ክፍያ አይጠየቅም። ዓርብ ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ወይም ቅዳሜ ፈተና ካለ፣ በተቻለ መጠን በሌላ ቀን እንዲሰጠው ይላል። ሰዓቱን በስሙ ጠርቶ መጻፉ ያስደስተኛል፤ የክረምት ፀሐይ ምን ሰዓት እንደምትጠልቅ ያሰበ ሕግ አውጪ ነበር ማለት ነውና። የዚህ ንግግር ርዕስም የተወሰደው ከዚያ ነው።

ሦስተኛው ጉዳዬ ይህ ተማሪ ይዞት የሚመጣው ነው። አብዛኞቹ ከልጅነታቸው ታልሙድን፣ የጥንት ራቢዎችን የሕግ ክርክር የያዘውን መጽሐፍ፣ የተማሩ ናቸው። ታልሙድ የሚጠናው ሁለት ሁለት እየሆኑ፣ ሃቭሩታ በሚባል ጥንድ፣ ድምፅ ከፍ አድርጎ በመከራከር ነው። አንዱ ሲያስረዳ ሌላው ያፈርሳል፤ ያፈረሰውም መልሶ ይገነባል። የጥንቶቹ ሊቃውንት የሒሌልና የሻማይ ደቀ መዛሙርት በብዙ ነገር ተለያይተዋል፤ ሥርዓቱ በአብዛኛው በሒሌል ወገን ይፈጸማል፤ የሻማይ ወገን ቃል ግን አልተፋቀም፣ ጎን ለጎን ተጽፎ እስከ ዛሬ ይጠናል። አንድምታ የተማረ የእኛ ሊቅ ይህን ቢሰማ ባይተዋር አይሆንም፤ እርሱም አንዱን ትርጓሜ ካስቀመጠ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን ሳይጥል ያስከትላል። እንዲህ ያደገ ተማሪ በአንድ ፍርድ ላይ የብሬናንን የተለየ ሐሳብ ሲያነብ የተሸነፈ ወረቀት አድርጎ አያልፈውም፤ ነገ ሕግ ሊሆን የሚችል ቃል አድርጎ ያጠናዋል። እኔ ልዩ ሐሳቦችን ማንበብ የለመድሁት ከጓደኛዬ ጋር በማጥናቴ ነው።

በታልሙድ የታወቀ አንድ ታሪክ አለ። ራቢ ኤሊዔዘር ስለ አንድ ምድጃ ንጽሕና ከጓደኞቹ ጋር ተከራከረ። ዛፍ ተነቅሎ፣ ጅረት ወደ ኋላ ፈስሶ፣ በመጨረሻ ከሰማይ ድምፅ መጥቶ መሰከረለት፤ ጓደኞቹ ግን ሕግ የሚወሰነው በምድር ባሉ ሊቃውንት ብዙኃን ነው ብለው አልተቀበሉትም። ስለ ዳኛ ሥልጣንና ስለ ብዙኃን ድምፅ ለሚጠና ክፍል ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። በሦስተኛው መቶ ዓመት በባቢሎን የኖረው ሳሙኤል ደግሞ የመንግሥት ሕግ በአይሁድ ላይም እንደሚጸና ወስኗል። እምነቱን የሚጠብቅ ሰው ለአገሩ ሕግ ሊታመን አይችልም ለሚሉ መልሱ በራሱ ሃይማኖት ውስጥ ከተወሰነ 1,700 ዓመት ያህል ሆኖታል።

በተማሪዎች መካከል ስላለው መለያየትም መሸሸግ የለብኝም። ከኦክቶበር 2023 ወዲህ በብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ስለ እስራኤልና ስለ ጋዛ መራራ ክርክር ተነስቷል። ኪፓ ያደረገ ተማሪ ሳያስበው የአንድ መንግሥት ቃል አቀባይ ይደረጋል፤ መጎናጸፊያ ያደረገች ሙስሊም ተማሪም እንዲሁ በሌላ በኩል ትጠየቃለች። ሁለቱም በደል ነው። ሰውን በተናገረው ቃል ሞግቱት፤ ራሱ ላይ ባደረገው ግን አትሞግቱት። እኔ ባየሁት ኑሮ በትምህርት ቤቱ ውስጥ የሰንበት አክባሪውን ጥያቄ ቶሎ የሚረዱት ሙስሊሞቹ ነበሩ፤ የጸሎት ሰዓት፣ የታረደ ሥጋ፣ የጾም ቀን ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልጋቸውምና። በ2015 ሳማንታ ኢላውፍ የተባለች ሙስሊም ወጣት ሂጃብ በማድረጓ ሥራ የከለከላትን የልብስ መደብር ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስምንት ለአንድ ለእርሷ ሲወስን፣ ያ ፍርድ ኪፓ ላደረገው ሥራ ፈላጊም ሆነለት።

አሁን ወደ ራሳችን። ቅዳሜን ማክበር ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። በጎንደር የኖሩት ቤተ እስራኤል በሰንበት እሳት አያነዱም ነበር፤ ዓርብ ያሰናዱትን ቀዝቃዛ ምግብ ይበሉ ነበር። ታልሙድ ሳይደርሳቸው በኦሪቱና በ«ትእዛዘ ሰንበት» ጸንተው ቆዩ። ቤተ ክርስቲያናችንም በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ ተቀብላለች፤ የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ልጆች ለዚህ ብዙ ተሰደዋል። ቤተ እስራኤሎቹ ዛሬ ባሉበት በእስራኤል ችግሩ ተገልብጧል። በ1951 በወጣው የሥራና የዕረፍት ሰዓት ሕግ ቅዳሜ የአይሁድ የዕረፍት ቀን ነው፤ እዚያ የራሱን ቀን መለየት የሚኖርበት ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ነው። አናሳ መሆን የአንድ ሕዝብ ዕጣ ብቻ አይደለም፤ አገር ሲቀየር ይቀየራል።

እዚህ አሜሪካ ደግሞ አናሳዎቹ እኛ ነን። ገና ጃንዩዋሪ 7 ሲውል መሥሪያ ቤቱ ክፍት ነው። ስቅለታችን ከምዕራባውያን ክርስቲያኖች ስቅለት ጋር በማይገጥምበት ዓመት የሁለተኛው መንፈቅ ፈተና ላይ ሊወድቅ ይችላል። ዒድ በጨረቃ ይወሰናል፤ ጁምዓ በየሳምንቱ ይመጣል። ልጆቻችን ግን፣ እንደማየው፣ አይጠይቁም። ያፍራሉ፤ ወይም «ተቸገርን እንዳይሉን» ብለው በጾም፣ በእንቅልፍ እጦት ፈተና ይቀመጣሉ። ወላጆችም «ዝም ብለህ ተማር» እንላለን። ይህ ትሕትና ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ልጅ መንገዱ ሳይጠረግ መቅረቱ ነው። ጓደኛዬ በየመንፈቁ መጀመሪያ የዓመቱን በዓላት በአንድ ገጽ ጽፎ ለተማሪዎች ጉዳይ ቢሮ ያስገባ ነበር። ቢሮውም ከእሱ በኋላ ቅጹን ለሁሉም ተማሪ አደረገው።

ስለዚህ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ተማሪዎች ሆይ፣ አደራ እላችኋለሁ። ትምህርት በተከፈተ በመጀመሪያው ሳምንት የፈተና መርሐ ግብሩን ከአጽዋማችሁና ከበዓላታችሁ ጋር አስተያዩ። የሚጋጭ ካለ ለመምህሩ ሳይሆን ለሬጅስትራር በጽሑፍ አስታውቁ፤ የትምህርት ቤቱን ደንብና የግዛታችሁን ሕግ ጠቅሳችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። በክፍላችሁ ሰንበት የሚያከብር አይሁዳዊ ወይም አድቬንቲስት፣ ጁምዓ የሚሰግድ ሙስሊም ካለ ማመልከቻውን አብራችሁ ፈርሙ። ወላጆችም ልጃችሁ ይህን ሲያደርግ አትከልክሉት።